የበረሃ ጎልፍ ከመጫወትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ላስ ቬጋስ የከተመው የእህትዎ ልጅ ፎቶ ልኮልዎታል። ዙሪያው ቀይ ተራራ፣ መሐሉ ለምለም ሣር፣ ሰማዩ ደመና የለውም። «ሲመጡ እዚህ ጎልፍ እንጫወታለን» ይላል። ወይም እርስዎ ራስዎ እዚያው ዓመታት ኖረው፣ ታክሲ ነድተው፣ ካሲኖ ውስጥ ሠርተው፣ ዘንድሮ የሥራ ባልደረቦችዎ ጋብዘውዎታል። ደስ የሚል ግብዣ ነው፤ ይሂዱ። የክሬዲት ካርድዎን ቁጥር ከመስጠትዎ በፊት ግን ይህን ያንብቡ።

ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ጨዋታው ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በልደት ሰሞን ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዞ ሩር ሲያሳድድ ያደገ ሰው ዱላና ኳስ ያውቃል። የሚለየው ገንዘቡ ላይ ነው። ገና የምንጫወትበት መስክ የሁሉም ነው፤ ዱላውም ከዛፍ ተቆርጦ ይመጣል። በጎልፍ ግን ሰዓቱ ይሸጣል፣ ተጫዋቾች የሚነዱት ጋሪ ይከራያል፣ ዱላው ይከራያል፣ የጠፋ ኳስ በገንዘብ ይተካል። አገር ቤት ደግሞ ለመለማመድ ዕድሉ ጠባብ ነው። አዲስ አበባ በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ 9 ጉድጓድ ያለው ሜዳ ቢኖርም የኤምባሲ ግቢ ነውና ማንም ዘው ብሎ አይገባበትም። ስለዚህ ብዙዎቻችን የጎልፍ ዱላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምንጨብጠው ሰው አገር፣ ከማያውቁን ሻጮች ፊት ነው።

ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ስለ ላስ ቬጋስና አካባቢው ነው። ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩበት በረሃ እርሱ ነው፤ የክላርክ ካውንቲ አስተዳደርም በ2023 እ.ኤ.አ. አንዱን ሠፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል።

ለምን ረከሰ?

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። የጎልፍ ሜዳ ዋጋ እንደ አውሮፕላን ቲኬት በየሰዓቱ ይወጣል ይወርዳል። ያው ሜዳ በመጋቢት ጠዋትና በሐምሌ ከሰዓት በኋላ የሰማይና የምድር ያህል የተለያየ ዋጋ አለው። ሻጩ «ቅናሽ ነው» ይልዎታል እንጂ ለምን እንደቀነሰ አይነግርዎትም። እርስዎ ምክንያቱን ያግኙ።

• ሙቀቱ ነው? በላስ ቬጋስ የሐምሌ ቀን ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። በጁላይ 7 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. 48.9 ዲግሪ ደርሶ የከተማዋ ክብረ ወሰን ሆኗል። በአሪዞናዋ ፊኒክስ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. በጋ 31 ቀን በተከታታይ ከ43 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከርሟል። «አባይ በረሃን ወርጄ ወጥቻለሁ፣ ሙቀት አይበግረኝም» አይበሉ። አባይ በረሃን ወርደው ሲወጡ ማታ ደጋው ይጠብቅዎታል። ቢቸናም ሞጣም ከ2400 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሰውነትዎ የለመደው ያንን አየር ነው። በላስ ቬጋስ ግን ማታም ቢሆን አስፋልቱ ይፋጃል። የሚያስተውሉት፦ በበጋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት የሚጀምር ቦታ ካላገኙ ቅናሹን ይተዉት።

• ሣሩ ተጎድቷል? ይህን አንድም ሻጭ ሳይጠየቅ አይናገረውም። በበረሃ የሚዘራው የበጋ ሣር ብርድ ሲመጣ ይተኛና ይጠወልጋል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ላይ የክረምት ሣር ይዘሩበታል፤ ሥራውን «ኦቨርሲዲንግ» ይሉታል። ሜዳው ለሁለት ለሦስት ሳምንት ይዘጋል። ሲከፈትም ለተወሰነ ጊዜ ሣሩ ረግረግ ያለ ነው፣ ጋሪ ሣር ላይ አያስነዱም፤ ከጋሪው አስፋልት እስከ ኳስዎ በእግርዎ ይመላለሳሉ። በበጋ ደግሞ ግሪኑን፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበትን አጭር ሣር፣ አየር እንዲያገኝ በማሽን ይበሱታል። በዚያ ሳምንት ኳስዎ ቀጥ ብሎ አይንከባለልም። በስልክ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ዘሩን መቼ ዘራችሁ? ግሪኖቹ መጨረሻ የተበሱት መቼ ነው? ጋሪ ሣር ላይ ይገባል?» የማስታወቂያው ፎቶ የሚያዝያ ይሆናል፤ እርስዎ የሚደርሱት በጥቅምት ነው።

• ፀሐይ ትጠልቅብዎታለች? የከሰዓት በኋላው «ትዋይላይት» ዋጋ በእውነት ርካሽ ነው። 18 ጉድጓድ ለመጨረስ ግን ከአራት ሰዓት ተኩል ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል። በታኅሣሥ በላስ ቬጋስ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። 7 ሰዓት ላይ ቢጀምሩ የመጨረሻዎቹን ጉድጓዶች በጨለማ ይፈልጓቸዋል። ሳይጨርሱ ቢመሽብዎ ገንዘብ ይመልሳሉ? አብዛኞቹ አይመልሱም።

• ገንዘቡ ተመላሽ አይሆንም? በሦስተኛ ወገን ድረ ገጽ የሚሸጡ ርካሽ ሰዓቶች ብዙ ጊዜ ቀድመው ተከፍለው የማይመለሱ ናቸው። ድረ ገጹም የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ከላይ ይጨምራል። ለአራት ሰው ይዘው ሁለት ብቻ ብትመጡ የአራቱን ያስከፍላሉ? ስንት ሰዓት ሲቀረው መሰረዝ ይቻላል? መልሱን በኢሜይል ይቀበሉ።

ሙሉ ሂሳቡ ስንት ነው?

በአሜሪካ ከሜይ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆቴሎች ግዴታ የሆነውን ክፍያ ሁሉ ደምረው ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ የሚያዝ የፌዴራል ደንብ አለ። ደንቡ የጎልፍ ሜዳን አይነካም። ስለዚህ ድምሩን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት።

• ጋሪው ከዋጋው ውስጥ ነው? በበረሃ ሜዳ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ ብዙ ቦታ በእግር መሄድ አይፈቀድም። ግዴታ ከሆነ ዋጋው አብሮ ሊነገርዎ ይገባል። ጋሪውን ሲወስዱ የሚፈርሙት ወረቀት ደግሞ ጉዳት ቢደርስ ከፋዩ እርስዎ እንደሆኑ ይናገራል፤ ሳያነቡ አይፈርሙ። ቀድሞ የተጫረ ወይም የተሰበረ ነገር ካለ ፎቶ ያንሱ። የ14 ዓመት ልጅ እንዲነዳ አይስጡ።

• የዱላ ኪራይ። በስመ ጥር ሜዳዎች የኪራዩ ዋጋ ከአንዳንድ ሜዳ የመግቢያ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የእህትዎ ልጅ ጓደኛ የቆየ ዱላ ካለው ይዋሱ። ግራኝ ከሆኑ ቀድመው ይናገሩ።

• ኳስ። ጀማሪ ከሆኑ ከአሥር በላይ ኳስ ሊጠፋብዎት ይችላል፣ ወደ ምክንያቱ ከታች እመለሳለሁ። እዚያው ሱቅ ገብተው አዲስ አይግዙ። ያገለገለ ኳስ ከተማ ውስጥ በርካሽ ይገኛል።

• ካዲና ቲፕ። በአንዳንድ ውድ ሜዳዎች ዱላዎን የሚይዝ ወይም ኳስዎን የሚከታተል ካዲ ግዴታ ነው፤ ቲፑም በማስታወቂያው ዋጋ ላይ የለም። ቦርሳዎን ከመኪና የሚያወርደውም፣ ሲጨርሱ ዱላውን የሚወለውለውም ቲፕ ይጠብቃል። ትንሽ ትንሽ የዶላር ኖት ይያዙ።

• ምግብና ውሃ። «የራስን ምግብና መጠጥ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ሕግ በብዙ ሜዳ አለ። ውሃ በነፃ የሚቀዳበት ቦታ በየስንት ጉድጓዱ እንዳለ ይጠይቁ። የመጠጥ ጋሪ እየዞረ የሚሸጠው ለስላሳ ዋጋ ያስደነግጥዎታል።

• ልብስ። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይፈለጋል፤ ጂንስ ብዙ ቦታ አይገባም። በር ላይ ተመልሰው ከሱቃቸው እንዲገዙ እንዳይገደዱ ቀድመው ይጠይቁ።

ስለ ዋጋው ጣሪያ አንድ ነገር ልንገርዎ። ሻዶ ክሪክ የሚባለውን፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ታይገር ዉድስና ፊል ሚክልሰን ለ9 ሚሊዮን ዶላር የተፋለሙበትን ሜዳ ስም ሰምተው ይሆናል። በረሃው ላይ የጥድ ደን ተክለው የሠሩት ነው። ለመጫወት የኤም ጂ ኤም ሆቴሎች እንግዳ መሆን አለብዎ፤ ዋጋውም ለአንድ ሰው ከ1000 ዶላር በላይ ሆኗል። ገንዘብ ያለው ሰው ይጫወትበት። ለጀማሪ ግን በዚያ ዋጋ አንዱን ዱላ ከሌላው ሳይለዩ መዋል የሚያስቆጭ ነው።

«ነፃ ጎልፍ» ሲባሉ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፣ ምክንያቱም ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። በላስ ቬጋስ ሆቴሎች መተላለፊያ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የቆሙ ፈገግተኛ ሰዎች ያጋጥሙዎታል። «ሁለት ሰው በነፃ ጎልፍ እናስጫውታለን፤ 90 ደቂቃ ገለጻ ብቻ ያዳምጡ» ይላሉ። ገለጻው የታይምሼር ነው፤ በዓመት አንድ ሳምንት የሚያርፉበትን የሪዞርት ድርሻ መሸጥ።

• 90 ደቂቃው በ90 ደቂቃ አያልቅም። አንዱ ሻጭ ሲደክመው ሌላው ይመጣል፤ ዋጋው ፊትዎ ላይ ይወርዳል፤ «ይህ ዋጋ ዛሬ ብቻ ነው» ይባላል። ዛሬ ብቻ የሚሆን ጥሩ ዋጋ የለም።

• ከግዢው በኋላ በየዓመቱ የጥገና ክፍያ አለ፤ ክፍያው ደግሞ እየጨመረ ይሄዳል። ቢጠቀሙም ባይጠቀሙም ይከፍላሉ። መሸጥ ሲፈልጉ ገዢ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ሻጩን «ይህ ክፍያ ባለፉት አምስት ዓመታት በስንት ጨመረ? በወረቀት አሳየኝ» ይበሉት።

• ብድሩን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያዘጋጁልዎታል፤ ወለዱ ከባንክ የቤት ብድር ይበልጣል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

• ፈርመው ከሆነስ? በኔቫዳ ሕግ ከፈረሙ በኋላ እስከ አምስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ በጽሑፍ መሰረዝ ይችላሉ። እሑድም ይቆጠራል። በስልክ «ሰርዣለሁ» ማለት አይበቃም፤ በአደራ ፖስታ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ለጉብኝት የመጡ እናትና አባትዎን ለብቻቸው ወደ ገለጻው አይላኩ፤ እንግዳ ተቀባይነትን ውለታ አድርገው ስለሚያዩት «አይ» ማለት ይከብዳቸዋል። ሻጮቹ ይህን ያውቃሉ።

ሜዳው ለእርስዎ ነው?

በበረሃ ሜዳ ሣሩ ጠባብ ነው። ውሃ የሚለካበት አገር ነውና፤ በፊኒክስ አካባቢ ለአዲስ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ የሚፈቀደው ውሃ ለ90 ኤከር ሣር ያህል፣ ወደ 36 ሄክታር ግድም፣ የሚበቃ ነው። ከሣሩ የወጣ ኳስ ድንጋይና ቁልቋል ውስጥ ይገባል። ኳስ የሚያልቅብዎ ለዚህ ነው።

• ስሎፕ የሚሉትን ቁጥር ይጠይቁ። ሜዳው ለመካከለኛ ተጫዋች ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳይ ነው፤ መደበኛው 113፣ ጣሪያው 155 ነው። ከላስ ቬጋስ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ሜስኪት ላይ ያለው፣ በፎቶ ሰውን ሁሉ የሚያማልለው ዎልፍ ክሪክ ከኋለኛው ቲ ሲጫወቱት ወደ ጣሪያው ይጠጋል። ሄደው ቢያዩት ያስደንቃል፤ ጀማሪን ግን ያስመርራል። ቲ ማለት የሚጀምሩበት ቦታ ነው፤ የፊተኛውን ይምረጡ፣ ጓደኞችዎ ቢስቁም።

• በረሃ የገባ ኳስ ሕጉ ምንድን ነው? በአንዳንዱ ሜዳ በአንድ ምት ቅጣት ኳሱ ከሣሩ በወጣበት አጠገብ ይጥላሉ። ይህ ሕግ ከሌለ ወደመቱበት ቦታ ተመልሰው ይደግማሉ፤ ቀንዎ በዚያ ያልቃል። ኳስ ለመፈለግ የሚፈቀደው 3 ደቂቃ ብቻ ነው።

• ከሜዳው ዳር ቤቶች አሉ? መስኮት ቢሰብሩ ማን ይከፍላል? የነጥብ መያዣው ካርድ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ያገኙታል።

ሰዓቱን በትክክል ያዙ?

ለእኛ ሰው የተለየ ወጥመድ ነው። «7:10 ጠዋት» የተባለው በእኛ 1:10 ነው። ከአገር ቤት ለመጡት አባትዎ በስልክ ሲነግሩ በሁለቱም አቆጣጠር ይንገሯቸው። ሜስኪት ደግሞ የአሪዞና ድንበር ላይ ናት፤ አሪዞና በብርዱ ወራት ከኔቫዳ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስልክዎ የማዶውን ሞገድ ከያዘ ሰዓቱን በራሱ ይቀይርብዎታል። ያረፈደ ሰው ተራው ያልፋል፤ የከፈለውም ይቀራል።

ጤናዎስ?

• በጾም ላይ ነዎት? ዋጋው የሚረክሰው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ትገባለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ በዚያ ፀሐይ መጫወት ለሕይወት ያሰጋል። ረመዳን የሚጾም ጓደኛዎም በሞቃት ወር ከገጠመው እንደዚያው ነው። ከጾሙ በኋላ ያድርጉት፤ ሜዳው የትም አይሄድም።

• የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ ሰውነትዎ ቶሎ ይደርቃል። ሐኪምዎን ይጠይቁ። ኢንሱሊን ጋሪ ላይ ትተው አይሂዱ፤ ሙቀት ያበላሸዋል።

• ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከጀመረዎ ጨዋታው አብቅቷል። ጥላ ይግቡ፣ ውሃ ይጠጡ፣ አንገትዎን ያርጥቡ። የሚናገሩት ከተምታታ ጓደኛዎ 911 ይደውል። ስለ ከፈሉት ገንዘብ ብለው አይቀጥሉ።

• እጅዎን ወደ ቁጥቋጦ አይስደዱ። ጅራቱን የሚያንቀጫቅጭ መርዛማ እባብ አለ፤ በበጋ የሚወጣው ሲመሽና ሲነጋ ነው። ቾያ የሚባለው ቁልቋል እሾኹ ሲነኩት ይጣበቃል፤ በጣትዎ ሳይሆን በማበጠሪያ ያስወግዱት። አንድ ያገለገለ ኳስ ይህን ሁሉ አያወጣም።

• ከሐምሌ እስከ መስከረም መብረቅ ድንገት ይመጣል። የማስጠንቀቂያው ጥሩምባ ሲነፋ ዱላዎን ጥለው ይግቡ። በመብረቅ ለተቋረጠ ጨዋታ ምትክ ሰዓት እንደሚሰጡ ወይም እንደማይሰጡ ግን ሲመዘገቡ ይጠይቁ።

ከማያውቁት ሰው ጋር በገንዘብ?

ብቻዎን ወይም ሁለት ሆነው ከሄዱ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ያቀላቅሉዎታል። አብዛኞቹ ደጎች ናቸው። አንዱ «በጉድጓድ አንድ ዶላር እንያዝ፣ በየጉድጓዱ እጥፍ» ቢልዎት ግን ሂሳቡን ይሥሩ፦ በአንድ ዶላር የጀመረ እጥፍ 18ኛው ጉድጓድ ላይ ብቻውን 131,072 ዶላር ነው። «አመሰግናለሁ፣ በገንዘብ አልጫወትም» ማለት ነውር የለውም።

ዱባይ ከሆኑ

በአጭሩ። በመካከለኛው ምሥራቅ የመጀመሪያው ባለ ሣር ትልቅ ሜዳ ኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። አንዳንድ ክለቦች ችሎታዎን የሚያሳይ የሃንዲካፕ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ከሌለዎት ከፍለውም ላያስገቡዎት ይችላሉ። የተነገረዎት ዋጋ 5 በመቶውን ታክስ ጨምሮ እንደሆነ ይጠይቁ። በበጋ በመብራት ማታ የሚያጫውቱ አሉና ቀኑን ይተዉት፤ በማታም ቢሆን ወበቁ ከባድ ነው።

ለመጀመሪያ ቀን እኔን ከጠየቁኝ፣ ከላስ ቬጋስ ወደ ሰሜን ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ በፓዩት ሕዝብ መሬት ላይ ያለውን ሪዞርት እመርጥልዎታለሁ። ሦስቱንም ሜዳዎች የነደፈው ፒት ዳይ ነው። ዙሪያቸው ቤት የለም፤ መስኮት የመስበር ሥጋት የለብዎትም፤ የቻርልስተን ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። ከሦስቱ ዎልፍ የተባለውን ይተዉና ስኖው ማውንቴንን ይያዙ። በኅዳር ወይም በመጋቢት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከፊተኛው ቲ። ዘሩ መቼ እንደተዘራ መጠየቅዎን ግን እዚያም አይርሱ።